ሜዳው ኦልሬዲ ንፁህ ነው

በየአገሩ፣ በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የኦልሬዲ ሰው አይጠፋም። "ውሃ ተቀዳ?" ስትሉት "ኦልሬዲ!" ይላችኋል፤ እንስራው ግን ባፉ ተደፍቶ ከኋላው ይታያችኋል። "ለሰውየው ነገርክልኝ?" ስትሉት "ኦልሬዲ!" ይላል፤ ሰውየው እዚያው አጠገባችሁ ቆሞ "ምኑን?" ብሎ ይጠይቃል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ሰፈር ካለ አትመኑ፤ ያንን የነገራችሁ ራሱ የኦልሬዲ ሰው ነው።

ጂንካም በዚያ ሁሉም ሰው ጓድ በነበረበት ዘመን የራሷ ነበራት። ክቡር ጓድ ሸዋንግዛው ይባላል። ከደጋ የመጣ፣ ስምንተኛ ክፍል ለመጨረስ ትንሽ የቀረው፣ እሱ ግን "ኦልሬዲ ጨርሻለሁ" የሚል ሰው ነው። ሥራው የሬዲዮ መልእክት መቀበልና መላክ ነው፤ አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ደግሞ የሜዳው ኃላፊ ይሆናል። አጠር ብሎ ሆዱ ወደ ፊት ቀደም ያለ ስለሆነ፣ የሻይ ቤት ሰዎች "እሱ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ሆዱ ግን ኦልሬዲ ደርሷል" ይሉታል። "ኦልሬዲ" የምትለዋን ቃል ሲናገር ሌባ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ነው። የጂንካ ሰውም ጣቱ ሲነሳ ሲያይ ሥራው እንዳልተሠራ ያውቃል።

ይህን ሰው ያገባችው ጤናዬ ናት። ጤናዬ የአሪ ገበሬ ልጅ ናት፤ ያልሠራችውን ሠራሁ ብትል ምላሷ የሚታሰር የሚመስላት ሴት። እንዴት ተጋቡ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሽማግሌ ሲልክባት "ልጅቷ ኦልሬዲ እሺ ብላለች" ብሎ ነው፤ እሷ ግን ያን ቀን ገበያ ነበረች። ብቻ ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ተከፋፈሉ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ታፍራለች። እሱ ማፈር የነበረበትን ሁሉ እሷ ነበረች የምታፍርለት።

አንድ ቀን አለቃውን ምሳ ጋብዞ መጣ። ለጤናዬ የነገራት ነገር የለም። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ጣቱ ተነሳ።

"ዶሮው ኦልሬዲ ደርሷል ጓድ!"

ዶሮዋ እውነትም ደርሳለች። በሩ ላይ ቆማ እንግዳውን አንገቷን ቀለስ እያደረገች ታየዋለች። ጤናዬ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ከጓሮ በኩል በአጥር አሻግራ ጎረቤቷን ፋጢማን ጠራቻት። የፋጢማ ባል ነስሩ ባለሱቅ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ከሱቁ ይልቅ በአጥሩ ነው የሚገበያዩት። ፋጢማ ያለውን ነገር ሳትጠይቅ ገባት።

"ዛሬ ደግሞ ምን ኦልሬዲ ሆነ?"

"ዶሮ።"

"ውይ! ሥጋ ብሰጥሽ አይበላላችሁም። ምስር አለኝ፣ ምስር ውሰጂ።"

አለቃውም በሩ ላይ የቆመችውን ዶሮ እያየ ምስር በላ።

ሌላ ጊዜ ጤናዬ ለዘመድ ልቅሶ ወደ ቀይ አፈር ከተማ መሄድ ነበረባት። በዚያ ቀን ያለው መኪና አንድ ካሚዮን ብቻ ነው። ሹፌሩ ጡሩንባውን እያንባረቀ "ሚስትህስ ጓድ?" ሲለው "ኦልሬዲ ከላይ ተሳፍራለች፣ ንዳ!" አለው። ጤናዬ እቤት ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ሳሙናው ከነአረፋው በጆሮዋ እየወረደ፣ ካሚዮኑን በዋናው መንገድ ላይ በሩጫ ተከተለችው። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አየ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ሸዋንግዛው ቆይቶ ሲጠየቅ "እኔ አልቀደምኩም፣ እሷ ናት የዘገየችው" አለ።

የጤናዬ እናት አማርኛ ብዙም አትሰማም። ልጇን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ጆሮዋ ውስጥ የምትገባው ያቺው አንዲት ቃል ናት። ማገዶው? ኦልሬዲ። ጣሪያው? ኦልሬዲ። ከብቱ? ኦልሬዲ። አንድ ቀን ልጇን ጥግ ይዛ በአሪኛ ጠየቀቻት።

"ይሄ ኦልሬዲ የሚሉት ሰውዬ የማን ልጅ ነው?"

"የምን ሰውዬ እማዬ?"

"የቤትሽን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ነዋ። እንዲህ ያለ ጎበዝ እያለ ምነው ይሄን አገባሽ?"

ጤናዬ ያን ቀን ሳቀች። ማታ ግን እናቷ በነሱ ሠፈር ያለው ሰው ሁሉ ይህንኑ እንደሚጠይቅ ስትነግራት ፊቷን እንዳታይባት ኩራዙን አጠፋች።

የቀበሌው ስብሰባ የባሰ ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ጎሳዬ ቆጣ ያለ ሰው ነበር፤ ቁጣው ግን መልካም ዜና ሲሰማ ቶሎ ይበርዳል። "የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው የሽንት ቤት ጉድጓድ የት ደረሰ?" ብሎ ጠየቀ። ጣት ተነሳ።

"ኦልሬዲ ተቆፍሯል ጓድ ሊቀመንበር!"

ተጨበጨበ። ጓድ ጎሳዬ በጣም ከመደሰቱ የተነሳ ስብሰባተኛውን ይዞ ጉድጓዱን ሊያሳይ ወጣ። ቦታው ላይ ለምለም ሳር ነበር።

"የታለ?"

ሸዋንግዛው ሳሩን ዞር ዞር ብሎ አየው። "በዕቅድ ደረጃ ኦልሬዲ ነው ጓድ። የቀረው አፈሩን ማውጣት ብቻ ነው።"

ጤናዬ ከሴቶች ማኅበር ጋር ከኋላ ቆማ ነበር። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ስብሰባተኛው ሲስቅ ሴቶቹ "አይዞሽ" አሏት። አይዞሽ መባሉ ከሳቁ የበለጠ አቃጠላት።

በመጨረሻ የኦልሬዲን ትርጉም የሚያውቅ ሰው ቀረበ። መምህር ወልደሰማያት እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ሻይ ቤት ውስጥ እንኳ የሰው ስህተት የሚያርም ሰው ነው።

"ጓድ ሸዋንግዛው፣ ይቺ ቃል እኮ ለአለቀ ነገር ናት። ያውም ያልቃል ተብሎ ከተጠበቀው ጊዜ ቀድሞ ለአለቀ። ሰውዬው ለምሳ ይመጣል ብለን ጠዋት ከች ካለ፣ ያኔ ኦልሬዲ መጣ ይባላል።"

"እኔስ ምን አልኩ? ዋናው መቅደሙ አይደል?"

"ሥራው ነዋ የሚቀድመው!"

"ሥራው ሲዘገይ ታዲያ ማን ይቅደም?" አለ ሸዋንግዛው፣ ሻዩን ፉት ብሎ። "አንድ የቀደመ ነገር መኖር አለበት። ሥራው ካልቀደመ ወሬው ይቅደም።"

መምህሩ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ሸዋንግዛው ቃሏን ከየት እንዳመጣት ለጤናዬ አንዴ ነግሯታል። በወጣትነቱ መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ድንጋይ ያመላልስ ነበር። አንድ ፈረንጅ አሠሪ የድንጋይ ክምር አሳይቶት ሄደ፤ ሸዋንግዛው ከምሳ በፊት አንድም ሳያስቀር አዛወረው። ፈረንጁ ተመልሶ ክምሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ዓይኑን አፍጥጦ "ኦልሬዲ?" አለና ትከሻውን መታ አደረገው። ይኸው ነው። ከዚያ በፊት በሱ ሥራ የተገረመ ሰው አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ አልተገኘም። ጤናዬ ይህን ስትሰማ አንጀቷ ተላወሰ። በነጋታው እንጨት ሳይፈልጥ "ኦልሬዲ ፈልጫለሁ" ሲላት አንጀቷ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን ወደ ሜዳው እንምጣ።

የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ከተማው መሀል የተዘረጋ ሳር ነው። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ግጦሽ ነው፣ ኳስ ሜዳ ነው፣ ወደ ገበያም ማቋረጫ ነው። አውሮፕላኑ ከአርባ ምንጭ ሲነሳ በሬዲዮ ይነገራል። ያኔ ኃላፊው ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የካሚዮን ቸርኬ በብረት ይደበድባል፤ የከተማው ሰው ወጥቶ ከብቱን ያነሳል። ሕጉ ይኸው ነው። ሸዋንግዛው ግን "ተደውሏል ወይ?" ሲባል "ኦልሬዲ!" ማለት ስለሚወድ፣ አውሮፕላኑ ገና አዲስ አበባ ቆሞ ነዳጅ ሲጠጣ ይደውላል። ሰዉም ለመደው። ቸርኬው ሲጮህ ቁርሱን ይበላል፣ እንሰቱን ይኮተኩታል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፤ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ብቻ ወደ ሜዳው ይሮጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ ይሄ አሠራር ሠርቷል።

ያ ቀን የፋጢማ ቀን ነበር። ፋጢማ ምጥ ይዟት ልጁ እንቢ ብሏል። የጤና ጣቢያው ሰው "እዚህ ከቆየች እናትም ልጅም ያልቃሉ" ብሎ ለነስሩ ነገረው። በመኪና እንዳትሄድ ክረምቱ የወይጦን ወንዝ ሞልቶታል። ሆስፒታል ሊያደርሳት የሚችለው ያን ቀን የሚመጣው አውሮፕላን ብቻ ነው። በቃሬዛ አድርገው ሜዳው ዳር ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጧት። ጤናዬ እጇን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ከተራራው ላይ ደመና ቀስ እያለ ይወርዳል።

ቸርኬው ጮኸ።

ፋጢማ በሁለት ምጥ መሀል ዓይኗን ገለጠች። "ተደወለ አይደል? ላምሽን አታነሺም?"

"ሸዋ ነው እኮ" አለቻት ጤናዬ። "ተይው፣ ገና ነው።"

በዚያን ቀን ግን ገና አልነበረም። ሸዋንግዛው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ነበር የደወለው።

ካፒቴኑ ከላይ በሬዲዮ ጠየቀ። "ጂንካ፣ ደመና እያየሁ ነው። ሜዳው እንዴት ነው?" ሸዋንግዛው በሬዲዮ ቤቱ መስኮት ወደ ሜዳው ቢያይ ከብቱን ያየው ነበር። እሱ ግን ያየው ቃሬዛውን ነው፤ ካፒቴኑ ትንሽ ካመነታ እንደሚመለስ ያውቃል። ጣቱ ተነሳ።

"ሜዳው ኦልሬዲ ንፁህ ነው ካፒቴን!"

አውሮፕላኑ ከደመናው ሥር ብቅ አለ። ወረደ፣ ወረደ፣ ሳሩን ሊነካ ሲል ሞተሩ አጓርቶ ሽቅብ ተነሳ። ዛፎቹ ተንቀጠቀጡ። ጤናዬ ቀና ብላ ሜዳውን ስታይ፣ ከብቱ ሁሉ እዚያው ተሰማርቷል። በትክክል መሀሉ ላይ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀና ብላ አውሮፕላኑን የምታየው ደግሞ የራሷ ቦቃ ላም ናት።

እስከዚያች ቀን ጤናዬ ያፈረችው ሁሉ በሱ ነበር። ይቺ ግን የራሷ ናት። ፋጢማ አንሺ ብላታለች፤ አላነሳችም። አፏ ውስጥ የቀረው "ገና ነው" እንደ አመድ ሆነባት። የፋጢማን እጅ ለቀቀችና እየጮኸች ሜዳው ውስጥ ገባች። ከየአጥሩ ሰው ወጣ። አንዱም አንዱን አልተሳደበም፤ ሁሉም ሜዳው ላይ ያየው የገዛ ላሙን ነውና። ላም በጅራት ተጎተተ፣ ጥጃ በትከሻ ተያዘ። ጓድ ጎሳዬ ሳይቀር በሬውን እየገፋ "ሂድ ጓድ! ሂድ!" ሲል ተሰማ።

ጤናዬ ላሟን አጥር ውስጥ ከትታ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ወደ ሬዲዮ ቤቱ ስትሮጥ መስኮቱ ላይ ሰው ተደርድሯል። ነስሩ በሩን ይዞ ቆሟል። መምታት ፈልጎ እጁ እንቢ ያለው ይመስላል።

የካፒቴኑ ድምፅ ይሰማል። "ከብት ላይ ልታሳርፈኝ ነበር እኮ! ጂንካ፣ ተመልሻለሁ። ደመናው እየወረደ ነው።"

ሸዋንግዛው መነጋገሪያውን በሁለት እጁ ያዘው።

"ካፒቴን፣ ሳላይ ነው የነገርኩዎት።"

ከውጪ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

"ደወልኩና ፀድቷል አልኩ። አልፀዳም ነበር። መሀል ላይ ከነበሩት አንዷ የኔው ላም ናት። እኔን አይመኑኝ፣ ልክ ነዎት። ሴትየዋ ግን እውነት ናት። ቃሬዛ ላይ ናት። ወንዙ ሞልቷል፣ ሌላ መንገድ የላትም።"

ሬዲዮው ተንጫጫ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ተንጫጫ።

"አሁንስ? አሁን ንፁህ ነው?"

የሸዋንግዛው አፍ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ቃሏ ስትመጣ ታየው። ጤናዬ ዓይኗን ጨፈነች።

"አላውቅም" አለ ሸዋንግዛው። "ይጠብቁኝ፣ አይቼ ልምጣ።"

መነጋገሪያውን አስቀምጦ ወጣ። ሮጠ። ያ ሆድ፣ ያ አጭር እግር፣ ያ የላስቲክ ቦት ጫማ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጠው። አንዱ ቦት ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ አልዞረለትም። ከወዲያ ጫፍ አንድ የተደበቀ ጥጃ አባረረ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ተመለሰ። ካፒቴኑም ደመናው ላይ እየዞረ ጠበቀ። ሰው ሰማይ ላይ ቆሞ ሸዋንግዛውን ሲጠብቅ ጂንካ አይታ አታውቅም ነበር። የሳቀ ግን አልነበረም።

"አየሁት" አለ በመነጋገሪያው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ዳር እስከ ዳር አየሁት። ሳርና የኔ አንድ ቦት ብቻ ነው ያለው።"

ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከዚያ ሞተሩ ተሰማ፤ አውሮፕላኑም አረፈ።

ለአስታማሚ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የፋጢማ እህት መኪያ አብራት ገባች። ነስሩ ሜዳው ላይ ቀረ። አውሮፕላኑ ደመናው ውስጥ ከጠፋ በኋላም ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወሬ ጠፋ። ዝናቡ ሬዲዮውን ጩኸት ብቻ አደረገው። ጤናዬ በአጥሩ በኩል ማየት ተወች፤ የነስሩን በር በሌላ መንገድ ዞራ ታልፍ ጀመር። ሸዋንግዛው ደግሞ ቃሏን ጣላት። ጨርሶ ጣላት። "ራት በላህ?" ስትለው ወጡ ጺሙ ላይ እያለ "ገና ነው" ይላል። ጓድ ጎሳዬ "መዋጮው ተሰበሰበ?" ሲለው "ገና ነው፣ ጉድጓዱም ገና ነው" አለው፤ ሊቀመንበሩ ለበላይ የሚልከው ሪፖርት አጥቶ ታመመ። መምህር ወልደሰማያት እንኳ ሻይ ቤት ውስጥ የሚያርመው ነገር አጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ጤናዬ ለስንት ዘመን "ምነው አፉን በያዘልኝ" ስትል የኖረችው ነገር ሆነላት። ደስ አላላትም። ቤቱ ውስጥ ሁሉ ነገር ገና ሆነ። ማታ ከጎኗ ተኝቶ ሲገላበጥ ትሰማዋለች። አንድ ቀን አላስችላት አለና ጠየቀችው።

"ሸዋ፣ ፋጢማ ትድናለች?"

ድሮ ቢሆን ጣቱ ተነስቶ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጤናዬ ያኔ ገባት። የኦልሬዲ ሰው ይዋሻል፤ ግን መጨረሻው ያምራል ብሎ ነው የሚዋሸው። ቤት ውስጥ እንዲህ የሚል አንድ ሰው ሲጠፋ ብርድ ይገባል።

ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ጨው ጨርሳ ነስሩ ሱቅ መግባት ግድ ሆነባት። ነስሩ ቀና ብሎ አያትና ጨውዋን መጠቅለል ጀመረ። ያኔ ሸዋንግዛው በመንገዱ መጣ። አልሮጠም። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ነስሩ ጨዉን ለቀቀው።

"ሬዲዮው ሠራ?"

ሸዋንግዛው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ምን አሉ? ወለደች?"

አፉን ከፈተ። ቃሏ እስከ ጥርሱ መጣች፤ መልሶ ዋጣት። እጁ ትንሽ ተነሳና ወረደ። ነስሩ ይህን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ባንኮኒውን ያዘ። "ሸዋ! በአላህ፣ ወለደች ወይ?"

ያንን ፊት በዚያች ከተማ ውስጥ ጤናዬ ብቻ ነበረች የምታውቀው። ቃሏ ልትወጣ ስትል የሚያሳየው፣ ዘመኗን ሙሉ ስታፍርበት የኖረችው ፊት ነው። ሌባ ጣቷን ወደ ሱቁ ጣሪያ ቀሰረችና ጮኸች።

"ኦልሬዲ!"

ሸዋንግዛው ዞሮ አያት። ከዚያ ሳቀና አለቀሰ፤ የትኛው እንደቀደመ አይታወቅም።

"ወንድ ነው" አለ። "እሷም ደህና ናት ነስሩ። ሦስቴ አስደግሜያቸዋለሁ፣ ተሳድበውኛል፣ ሦስቴም ደህና ናት ነው ያሉት።"

ነስሩ በባንኮኒው ላይ ዘሎ አንገቱን አቀፈው። ጨው ወለሉ ላይ ተበተነ። መንገደኛው ሁሉ ምን ተፈጠረ እያለ ወደ ሱቁ ጎረፈ። ባልና ሚስት በጂንካ መንገድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ወሬው ከነሱ ቀድሞ ቤት ይደርሳል፤ ጤናዬ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሲወጡ ግን እጁን ያዘችው፤ እቤት እስኪገቡም አልለቀቀችውም።